ከወለሉ በታች የተገኘችው ቤተ ክርስቲያን



ባለፈው ወር ከመዝሙር ጥናት በኋላ የተነሣውን ክርክር አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የአጥቢያችን አዲሱ ሕንፃ ግድግዳው አልቆ ጣራው ሊለብስ ሲቃረብ፣ «አሮጌይቱ ቤተ ክርስቲያን ምን ትሁን?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ወንድማችን «አርጅታለች፤ ትፍረስና ግቢው ይስፋ» አለ። የሕንፃ ሥራ ተማሪ ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። በር አጠገብ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንዲት እማሆይ ግን «ልጆቼ፣ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችስ ወዴት ይሄዳሉ?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ዓመት ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ስማር እንደዚህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅምና መልስ አጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስለ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉትን ሳገላብጥ፣ የእማሆይን ጥያቄ ከእኛ ዘጠኝ መቶ ዓመት ቀድማ የተጋፈጠች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ። እርስዋም በሮማ ያለችው፣ በካቶሊኮች ዘንድ «ሳን ክሌሜንቴ» የምትባለው የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሮማን በዓይኔ አላየሁም። የምጽፍላችሁ ከመጻሕፍት፣ ከፎቶግራፍና ከሕንፃው ንድፍ የተማርሁትን ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉ።

ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት መካከል ከሥርዓት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው መጽሐፈ ቀሌምንጦስ የተሰየመው በዚሁ አባት ነው፤ በስንክሳርም ኅዳር 29 ቀን ይታሰባል። ቀሌምንጦስ ከሐዋርያው ከጴጥሮስ በኋላ በሮማ መንበር ከተቀመጡት ከመጀመሪያዎቹ አባቶች አንዱ ሲሆን፣ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች የላከው መልእክት በ96 ገደማ እንደ ተጻፈ ሊቃውንት ይገምታሉ። የሰማዕትነቱ ትውፊት እንደሚለው፣ ንጉሡ ትራያኖስ ወደ ክሪሚያ አግዞት፣ በዚያም ስብከቱን ባያቆም በአንገቱ መልሕቅ አስረው ወደ ጥቁር ባሕር ጣሉት። ስለዚህ በሥዕሎቹ ላይ መልሕቅ የያዘ ጳጳስ ባያችሁ ጊዜ እርሱ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትገኘው ኮሎሲየም ከሚባለው ከታላቁ የጥንት የትርዒት ቦታ ወደ ላተራኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከውጭ ለሚያያት ብዙም አታስደንቅም። በአምድ የተከበበ ጸጥ ያለ ግቢ አላት፤ የፊት ግንቧና በወርቅ ያጌጠው ጣራዋ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካርሎ ስቴፋኖ ፎንታና የታደሱ ናቸው። ለእኔ ጣራው ጌጥ በዝቶበታል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁን ከጣራው ወደ ወለሉ አውርዱ። ወለሉ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ነጭ ድንጋይ በክብ በክብ ተቈርጦ፣ አንዱ ክብ ከሌላው ጋር እንደ ሐረግ እየተጠላለፈ ከበሩ እስከ መቅደሱ ይዘልቃል። ሐምራዊው ድንጋይ የተቈረጠው ከጥንት የሮማ ሕንፃዎች ከተወሰዱ አምዶች ነው፤ አምድ እንደ ዳቦ በአግድም ሲቈረጥ ክብ ሰሌዳ ይወጣዋል። በግራና በቀኝ የተደረደሩት አምዶችም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ቦይ ቦይ ያለው ነው፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው።

ይህችን የላይኛይቱን ቤተ ክርስቲያን ያሠራት በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ካርዲናል አናስታስዮስ ነው። ከመቅደሱ በስተጀርባ ባለው የጳጳስ ወንበር ላይ ሥራውን ጀምሮ እንደ ፈጸመ ተጽፏል። የወንበሩ መደገፊያ ከአሮጌ የእብነ በረድ ጽሑፍ ተቈርጦ የተወሰደ ስለሆነ «ሰማዕት» የሚለው የላቲን ቃል በትልልቅ ፊደል ቀርቶበታል። በአጋጣሚ የቀረ አይመስለኝም፤ ጠራቢው ቃሉ ከተቀማጩ ራስ በላይ እንዲነበብ አስቦ ያስቀረው ይመስለኛል።

ከወንበሩ በላይ፣ በመቅደሱ መጨረሻ ያለው ግማሽ ክብ ግድግዳ ጉልላቱ ድረስ በሞዛይክ ተሸፍኗል። ሞዛይክ በብሩሽ አይሳልም። ሠዓሊው ባለ ቀለም ድንጋይና ብርጭቆ ከጥፍር ባነሰ መጠን እየቈረጠ፣ ባልደረቀ ኖራ ላይ አንድ በአንድ ይተክለዋል። ወርቃማው ክፍል የሚሠራው ስስ የወርቅ ቅጠል በብርጭቆ መካከል በማስቀመጥ ነው። ቅንጣቶቹ ፍጹም እኩል ሆነው ስለማይተከሉ እያንዳንዱ ብርሃኑን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይመልሳል። የሻማው ነበልባል ሲወዛወዝ ግድግዳውም አብሮ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ በኤሌክትሪክ መብራት የተነሡት ፎቶግራፎች ይህን እንደማያሳዩ ያዩት ሁሉ ይናገራሉ።

በሥዕሉ መካከል መስቀል ቆሟል። ጌታ በመስቀሉ ላይ ራሱን ዘንበል አድርጎ ዓይኖቹን ጨፍኗል። በመስቀሉ ዕንጨት ላይ ዐሥራ ሁለት ነጫጭ ርግቦች ሰፍረዋል፤ እነዚህም ሐዋርያት ናቸው። በመስቀሉ ግራና ቀኝ እመቤታችንና ዮሐንስ ቆመዋል፤ ከላይ ደግሞ የአብ እጅ የድል አክሊል ይዞ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ከምናውቀው የስቅለት ሥዕል ብዙ አይርቅም። ልዩ የሚያደርገው የመስቀሉ እግር ነው። በጎልጎታ ዓለት ፈንታ ለምለም ተክል በቅሏል፤ ከዚያ ተክል የወጡት ሐረጎች በግራም በቀኝም እየተጠቀለሉ የወርቁን መደብ በሙሉ ሸፍነውታል። መስቀሉ የደረቀ ዕንጨት መሆኑ ቀርቶ ሥር የሰደደ ዛፍ ሆኗል ማለት ነው። ከሥሩ አራት የገነት ወንዞች ይፈስሳሉ፤ ሁለት ዋላዎች አጎንብሰው ይጠጣሉ። መዝሙረ ዳዊትን ለሚደግም ሰው የዋላዎቹን ትርጉም መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሐረጎቹ ውስጥ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አራቱ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አውግስጢኖስ፣ ሄሮኒሞስ፣ ጎርጎርዮስና አምብሮስዮስ ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አጠገብ አንዲት ሴት ለዶሮዎቿ እህል ትሰጣለች፤ እረኞች መንጋቸውን ይጠብቃሉ፤ ወፎች በየቅርንጫፉ ሰፍረዋል። በዚያ ወርቅ መካከል ዶሮ የምትመግብ ሴት! እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ያሰብሁት ስለ እርስዋ ነበር። ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈው የላቲን ጽሑፍ የክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በዚህ የወይን ግንድ ይመስላታል፤ ሕግ ያደረቃትን መስቀሉ አለመለማት ይላል። ሠዓሊው ይህን አሳብ በሊቃውንቱ ብቻ ሊፈጽመው ይችል ነበር። ነገር ግን ግንዱ ከለመለመ የባለ ዶሮዋም ቤት አብሮ እንደሚለመልም አየ።

ይኸው ጽሑፍ ሌላም ነገር ይናገራል። ከጌታ መስቀል ዕንጨት ቁራጭ፣ ደግሞም የቅዱስ ያዕቆብ ጥርስ ከሌሎች ንዋያተ ቅድሳት ጋር በዚሁ በተሣለው በጌታ አካል ውስጥ እንደ ተቀመጡ ይገልጻል። ስለዚህ ለሠሪዎቹ ይህ ግድግዳ ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ግማደ መስቀሉን የሚያከብር ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከግርጌው ዐሥራ ሁለት በጎች ከቤተ ልሔምና ከኢየሩሳሌም ወጥተው በመካከል ወደ ቆመው በግ ይሄዳሉ። ከላይ በቅስቱ ላይ ጳውሎስ ከላውረንትዮስ ጋር፣ ጴጥሮስም ከራሱ ከቀሌምንጦስ ጋር ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱ በታች ነቢዩ ኢሳይያስና ነቢዩ ኤርምያስ አሉ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ላይኛይቱ ቤት ነው። ወደ ታች ከመውረዳችን በፊት ግን በአዳራሹ መካከል ያለውን የመዘምራን ስፍራ ማየት አለብን፤ ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ያለው እዚያ ነውና። ይህ ስፍራ እንደ ቅኔ ማኅሌታችን ለዜማ የተለየ ሲሆን፣ በወገብ ቁመት ባለ ነጭ የእብነ በረድ ሰሌዳ ታጥሯል። በሰሌዳዎቹ ላይ መስቀልና የአበባ ጉንጉን ተቀርጾባቸዋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ፊደላቱ የተጠላለፉ የአንድ ሰው ስም ይገኛል። ስሙ የፖፕ ዮሐንስ 2ኛ ነው፤ በመንበሩ የተቀመጠውም ከ533 እስከ 535 ነው። ይህ ሰው ከመሾሙ በፊት የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ፤ ስሙም መርቆርዮስ ይባል ነበር። ስሙ የሮማ ጣዖት ስም ስለሆነ ለመንበሩ አይገባም ብሎ ዮሐንስ ተባለ፤ ሲሾም ስሙን የለወጠ የመጀመሪያው ፖፕም እርሱ ነው ይባላል።

እንግዲህ አስቡ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የተሠራችው በ12ኛው መቶ ዓመት ነው። ሰሌዳው ግን ከእርስዋ ወደ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከየት መጣ?

ከወለሉ በታች ነው የመጣው። ሄሮኒሞስ በ392 ገደማ ሲጽፍ በሮማ የቀሌምንጦስን መታሰቢያ የምትጠብቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ተናግሯል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሰዎች ሄሮኒሞስ የተናገረላት ዛሬ የምትታየው ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ያምኑ ነበር። እርስዋ ግን አልነበረችም። ሄሮኒሞስ የሚያውቃት ቤት በ1100 ገደማ ፍርስራሽና አፈር ተሞልቶባት፣ አዲሲቱ በላይዋ ተሠርታ ነበር። ለምን እንደ ተቀበረች ብዙ ተብሏል። በ1084 የኖርማን ወታደሮች ሮማን ባቃጠሉ ጊዜ ተቃጥላለች የሚለው ለረጅም ዘመን የተለመደ አስተያየት ነበረ። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የሚያዘነብሉት ወደ ሌላ ምክንያት ነው፤ በዙሪያዋ ያለው መሬት ከፍ እያለ መጥቶ ቤቱ ጐድጓዳ ውስጥ መቅረቱ፣ እርጥበቱና የግድግዳው መድከም እንደ ሆነ ያስባሉ። እኔም እንደ ተማሪነቴ ይህን የበለጠ አምነዋለሁ፤ አብዛኛውን አሮጌ ሕንፃ የሚገድለው ውኃ ነው።

የአናስታስዮስ ግንበኞች ያደረጉት እንዲህ ነው። አሮጌውን ግድግዳ እስከ መካከሉ ድረስ አፍርሰው፣ የቀረውን በፍርስራሽ ሞልተው ደለደሉት፤ በእርሱም ላይ ከቀድሞው ጠበብ ያለ አዲስ ቤት አቆሙ። የመዘምራኑን አጥር ግን ሰሌዳ በሰሌዳ አንሥተው ወደ ላይ ወሰዱት። የጉልላቱ ሞዛይክ ራሱ ከታችኛይቱ ቤት ጥንታዊ ሞዛይክ የተቀዳ ነው ብለው የሚገምቱ ሊቃውንትም አሉ፤ የሐረጉ አጣጣል ከዘመኑ በጣም የቀደመ ይመስላልና። ድንጋይ መንቀል ይቻላል፤ አሳብንም መቅዳት ይቻላል። በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ሥዕል ግን ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ያን ጊዜ ሊነቅለው የሚችል አልነበረም። ስለዚህ ሥዕሎቹ ከአፈሩ በታች ቀሩ።

የተገኙትም እንዲህ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ1677 ጀምሮ በአየርላንዳውያን የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኮሳት እጅ ናት፤ እነርሱም በአገራቸው ስደት ጸንቶባቸው የመጡ ነበሩ። በ1857 የገዳሙ አለቃ አባ ጆሴፍ መሉሊ ከወለሉ በታች መቈፈር ጀመረ። የቈፈሩት ወርቅ ወይም መቃብር ለማግኘት እንደሚቈፍሩ ሰዎች አልነበረም፤ አፈሩን በቅርጫት እያወጡ፣ ከላይ ያለው ቤት እንዳይወርድ ከሥር የጡብ ምሰሶና ቅስት እየገነቡ ነበር። ይህ ሥራ ለዓመታት የዘለቀ ነው። በዛሬው ጊዜ ታችኛይቱን የሚጎበኝ ሰው የሚያያቸው ብዙዎቹ የጡብ ምሰሶዎች ጥንታዊ አይደሉም፤ የዚያ ዘመን ድጋፎች ናቸው። አዳራሹ የጠበበና የተጨናነቀ የሚመስለውም ስለዚህ ነው።

በአፈሩ ውስጥ የቈዩት ግድግዳዎች ተነባቢ ነበሩ። በአንድ ስፍራ እመቤታችን እንደ ቢዛንጥዮስ ንግሥት በዕንቍ ያጌጠ አክሊል ደፍታ ሕፃኑን ይዛ ተቀምጣለች። በሌላ ስፍራ ሐዋርያት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የዕርገትን ሥዕል ያያሉ፤ ከጎናቸው ፖፕ ሊዮን 4ኛ ቆሟል። በራሱ ዙሪያ ያለው ምልክት ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። ይህ የሮማ ሠዓሊዎች ልማድ ሲሆን፣ ሰውዬው ሥዕሉ ሲሣል በሕይወት እንደ ነበረ ያመለክታል። ሊዮን ከ847 እስከ 855 የነበረ ስለሆነ ሥዕሉ ዘመኑን በራሱ ላይ ጽፎ ይዞልናል።

ከሁሉ የበለጠ ለእኛ የሚቀርበው ግን የቅዱስ አሌክስዮስ ሥዕል ነው። ባለጸጋ አባቱን፣ እናቱንና ሙሽራውን በሠርጉ ሌሊት ትቶ የሄደ፣ ከብዙ ዘመን በኋላም ለማኝ ሆኖ ተመልሶ ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ የኖረ ጻድቅ ነው። ታሪኩን ስታነቡ «ይህማ ገብረ ክርስቶስ ነው» ትላላችሁ፤ እውነትም ነው። በእኛ ዘንድ የንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጅ ገብረ ክርስቶስ እየተባለ የሚነበበው ገድልና የምዕራባውያኑ አሌክስዮስ ሥራቸው አንድ ነው። በሥዕሉ ግራ ወገን መነኩሴ የመሰለው ልጅ በፈረስ የሚሄደውን አባቱን ማደሪያ ሲለምን ይታያል፤ ከመስኮት የሚያዩትም አላወቁትም። በመካከል ሞቶ፣ የሕይወቱ ታሪክ የተጻፈበት ክርታስ በእጁ እንዳለ ተኝቷል። በቀኝ በኩል ክርታሱ ሲነበብ ወላጆቹና ሙሽራይቱ ፀጉራቸውን እየነጩ ያለቅሳሉ። ሦስቱ ጊዜያት በአንድ ግድግዳ ላይ ያለ መለያ መስመር ተያይዘዋል፤ አንድ ሰው ደጋግሞ መሣሉን ያየ ሕፃን እንኳ ታሪኩን ይከተለዋል።

ከዚህ አጠገብ የሲሲኒዮስ ሥዕል አለ። ሲሲኒዮስ የሮማ ሹም ነው፤ ሚስቱ ቴዎዶራ ክርስቲያን ሆና ወደ ጸሎት ስትሄድ ተከትሏት ይመጣና ዓይኑ ይታወራል፣ ጆሮውም ይደነቍራል። ቀሌምንጦስ ቢፈውሰውም ተቈጥቶ አገልጋዮቹን «ያዙት!» ይላቸዋል። አገልጋዮቹ ግን ዓይነ ልቡናቸው ታውሮ የሕንፃ አምድ ይዘው ቀሌምንጦስን ያሰሩ ይመስላቸዋል። በሥዕሉ ላይ ሹሙ እየጮኸ ሰዎቹ ላባቸው ጠብ እስኪል አምዱን ይጎትታሉ። ከአፋቸው የወጣው ቃል በግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ሹሙ የሚሳደበው በሊቃውንት ላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ነው። ስድቡን በዚህ መጽሔት ላይ መድገም አልችልም፤ ነገር ግን በኢጣልያ የሕዝብ ቋንቋ ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ ይኸው ስለሆነ የቋንቋ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ቀሌምንጦስ ደግሞ በዚያው ግድግዳ በላቲን ስለ ልባቸው ድንዳኔ ይገሥጻቸዋል። አንደበታቸው ለየቅል መሆኑ ሰዎቹን ይገልጣቸዋል።

እነዚህን ሥዕሎች ያሠሩት መኳንንት ወይም ጳጳሳት አይደሉም። ቤኖ ደ ራፒዛ የሚባል ሰውና ሚስቱ ማርያ ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር በግድግዳው ላይ ተሥለዋል፤ ትንሹም ልጅ ስሙ ቀሌምንጦስ ነው። ይህ የሆነው በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲህ ቀለሙ ከደረቀ ብዙ ዓመት ሳይሞላ ቤቱ በአፈር ተሞላ ማለት ነው! ከላይ የነበረው የሥዕሉ ክፍል፣ ጴጥሮስ ቀሌምንጦስን በመንበር ሲያስቀምጠው የሚያሳየው፣ አዲሱ ወለል ሲሠራ ተቈርጧል፤ የቅዱሳኑ ራስ የለም፤ የቀረው ከአንገት በታች ነው። ማርያና ቤኖ ያን ቀን በሕይወት ነበሩ ወይስ አልነበሩም እያልሁ አስባለሁ።

በታችኛይቱ ቤት የተቀበረ አንድ ሌላ ሰው አለ። የስላቭ ሕዝቦች ሐዋርያ የሚባለው ቄርሎስ የቀሌምንጦስን አፅም ከጥቁር ባሕር አምጥቶ ለሮማ አስረከበ፤ በ869 በሮማ ሲያርፍም በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ቄርሎስ ከወንድሙ ከሜቶድዮስ ጋር ፊደል ቀርጾ መጻሕፍትን ወደ ስላቭ ቋንቋ የተረጐመ ነው። እግዚአብሔር በዕብራይስጥ፣ በጽርዕና በላቲን ብቻ ይመሰገናል የሚሉ ተቃዋሚዎች ነበሩበት። በግእዝ ለሚቀድስ ሕዝብ ይህ ክርክር ሊያስገርመው ይገባል።

ከዚህም በታች ሦስተኛ ደረጃ አለ። ጠባብ የጥንት መተላለፊያ ሁለት የሮማውያን ሕንፃዎችን ይለያል፤ በአንደኛው ውስጥ ሚትራ የሚባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ፣ ጣራው እንደ ዋሻ የተሠራ ክፍል ይገኛል። በመካከሉ ሚትራ ወይፈን ሲያርድ የተቀረጸበት መሠዊያ ቆሟል። ክርስቲያኖቹ ቤታቸውን በዚህ ሁሉ ላይ ሠሩ። ይህ ክፍል ከተገኘ በኋላ ለረጅም ጊዜ ውኃ ሞልቶት ነበር፤ ከ1912 እስከ 1914 ድረስ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የውኃ መውረጃ በመሬት ውስጥ ተቈፍሮ ከኮሎሲየም ማዶ ካለው የጥንት የከተማው ትልቅ ቦይ ጋር ተገናኘ። ዛሬም ከታች ያለ ጐብኚ የሚፈስሰውን ውኃ ድምፅ ይሰማል።

ወደ ላይ ስንመለስ በመግቢያው በስተግራ ያለውን የቅድስት ካታሪናን ጸሎት ቤት ሳንነካ አንለፍ። ከ1428 እስከ 1431 ባለው ጊዜ ማሶሊኖ የሚባለው ሠዓሊ በካርዲናል ብራንዳ ካስቲሊዮኒ ትእዛዝ ሣለው። የእስክንድርያዋ ካታሪና ከፈላስፎቹ ጋር ስትከራከር በጣቶቿ ነጥብ በነጥብ ትቈጥራለች፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ፈላስፎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ የአዳራሹ ጣራና ግድግዳ ወደ ኋላ እየጠበበ ሲሄድ ዓይን እውነተኛ ክፍል ያየ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ይህ አሣሣል ገና አዲስ ነበር።

አሁን ወደ እማሆይ ጥያቄ ልመለስ። የታችኛይቱን ሥዕሎች ለሰባት መቶ ዓመታት ያቈያቸው አፈሩ ነው፤ ከተገለጡ በኋላ ግን አየሩ፣ ብርሃኑና እርጥበቱ ያደክማቸው ጀመር። ዛሬ ብዙ ቦታ ቀለሙ ፈዝዟል፤ ጠርዙም ረግፏል። በተገኙበት ዘመን የተሠሩ የውኃ ቀለም ቅጂዎች ግን አሉ። ቅጂዎቹ ፍጹም አይደሉም፤ የገልባጩ እጅ ይታይባቸዋል። ነገር ግን ዛሬ በግድግዳው ላይ የማይታይ መስመርና ፊደል በእነርሱ ላይ ይነበባል፤ ሊቃውንትም እስካሁን የሚመረምሯቸው ግድግዳውንና ቅጂውን ጎን ለጎን እያስቀመጡ ነው። አሮጌይቱ ቤተ ክርስቲያናችን ትፍረስ ወይም ትቈይ የሚወስኑት እኛ አይደለንም፤ ይህ የአባቶችና የሕንፃ ኮሚቴው ጉዳይ ነው። ሥዕሎቹን መገልበጥ ግን ማንም አልከለከለንም።

ስለዚህ የደብሩን አለቃ ጠይቄ ፈቃድ አግኝቻለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት የምትችሉ ሁሉ ሜትር፣ እርሳስ፣ ትልቅ ወረቀትና ፎቶግራፍ ማንሻ ይዛችሁ በአሮጌይቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኝ። ሥዕል የማይችል ይለካል፤ መለካት የማይችል ይጽፋል። በሰሜኑ በኩል ያለው የታችኛው ሥዕል እርጥበት ስለ ገባበት በእርሱ እንጀምራለን። እማሆይም እያንዳንዱን ሥዕል ማን እንዳሠራው ከነክርስትና ስማቸው ስለሚያውቁ እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ የሚቀመጡበት በርጩማ የሚያመጣ ሰው ያስፈልገናል።